የበግ ግልገል ተወልዶ በማግስቱ የሚሞተው ለምንድነው? ችግርና መፍትሄ

በረቱ ደረቅ ነው፣ ንፋስ አይገባበትም፣ እናቲቱም ጤነኛ ናት ብዬ ነው የምጀምረው። እሱ ካልሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ምልክቱ፦ ግልገሉ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል ወይ ከእናቱ ርቆ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ሆዱ ከጎኑ ጋር ተጣብቋል፣ ጣታችሁን አፉ ውስጥ ስትከቱት ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ "ብርድ መታው" ይላል፣ እኔም ስንት አመት እንደዛ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ስንቱን ከቀበርኩ በኋላ የማውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጀመረው ረሃብ ነው፣ ብርዱ መጥቶ ጨረሰው እንጂ። ግልገል ሲወለድ ኩላሊቱ ዙሪያ ትንሽ ቡናማ ስብ አለችው፣ ለጥቂት ሰአት የሚሞቀው እሷን እያነደደ ነው፣ እሷ ስታልቅ ሆዱ ውስጥ እንገር ከሌለ በቃ።

አንድ ማታ አንዷ መንታ ወለደች፣ ሁለቱም ቆመው ግት ስር ገብተው ጭራቸውን ሲያወዛውዙ አይቼ ጠብተዋል ብዬ ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት አንዱ ደርቆ ጠበቀኝ። ግቷን ስዳስሰው በአንድ በኩል ድንጋይ ሆኗል፣ ጡቱን ብጨምቀው ምንም የለም፣ ጠንከር አድርጌ ስስበው የሻማ ሰም የምትመስል ቁራጭ ተፈናጥራ ወጣችና ከኋላዋ ወፍራም ቢጫ እንገር ተንዠቀዠቀ። ያ ግልገል ሌሊቱን ሙሉ የተደፈነ ጡት ሲጎትት ነው ያደረው!! ስከፍተው ጨጓራው ባዶ፣ ኩላሊቱ ዙሪያ ያለው ስብ አልቆ ቀይ ዝልግልግ ነገር ብቻ ቀርቷል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንደወለደች ሁለቱንም ጡት ራሳችሁ ጭመቁ፣ እንገሩ በአይናችሁ ሲወጣ ካላያችሁ እንዳትሄዱ። ጭራ ማወዛወዝ ማስረጃ አይደለም፣ ሆዱን ዳስሱ፣ የጠባ ግልገል ሆዱ ሞላ ይላል። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰአታት ውስጥ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰአት ውስጥ ደግሞ በኪሎ 200 ነው፣ 4 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ መጀመሪያ 200 በቀኑ 800 ማለት ነው። በእንገሩ ውስጥ ያለውን የበሽታ መከላከያ አንጀቱ በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰአታት ነው፣ ቀን ካለፈው አይቀበልም፣ "ነገ ይጠባል" የሚባል ነገር የለም።

ቀዝቅዞ ካገኛችሁት መጀመሪያ በፊንጢጣው ቴርሞሜትር፣ በግምት አይሆንም። ጤነኛው ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 እስከ 39 ከሆነ በደንብ አድርቁት፣ በቲዩብ (በአፉ ጨጓራው ድረስ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንገር ስጡት፣ ሞቅ ያለ ቦታ አድርጉት። ከ37 በታች ሆኖ ከተወለደ 5 ሰአት ያልሞላው ከሆነ አድርቃችሁ አሙቁት፣ ከ37 ሲያልፍ መግቡት። 5 ሰአት ካለፈው ግን ተጠንቀቁ፣ ስኳሩ አልቋል፣ እንዲሁ ካሞቃችሁት ይሞትባችኋል። እኔ አንዱን እሳት ዳር አስቀምጬው ሲነቃ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወዲያው አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ተንቀጥቅጦ ሞተ። ለእንዲህ አይነቱ ከማሞቅ በፊት ለብ ያለ 20 ፐርሰንት ግሉኮስ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ሆዱ ውስጥ ይወጋል፣ አወጋጉን የእንስሳት ሀኪም አንዴ በእጃችሁ ያሳያችሁ፣ በወሬ እንዳትሞክሩት።

እባካችሁ እባካችሁ ጭንቅላቱን ማንሳት ላቃተው ግልገል በጡጦ ወተት አታፍሱበት!! ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። በቲዩብም ቢሆን መጀመሪያ ይንቃ። ቲዩቡን ከአፍንጫው እስከ መጨረሻው ጎድን አጥንት ለክታችሁ አስገቡ። ጫፉ ሻካራ የሆነ ደረቅ ርካሽ ቲዩብ ጉሮሮ ይቀድዳል፣ ወርውሩት። የታመመ ያጠባችሁበትን ሳታጥቡ ለሌላው የምታስገቡ ሰዎች ደግሞ በሽታውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው። ከፍሪዘር ያወጣችሁትን እንገር በለብታ ውሃ አቅልጡ፣ ማይክሮዌቭ መከላከያውን ያጠፋዋል።

ሌሎቹ ብዙም አይገጥሙኝም። በሳምንቱ ጉልበቱ ካበጠ ኢንፌክሽኑ የገባው በእትብቱ ሊሆን ይችላል፣ ሲወለድ አዮዲን ቀቡ። ሆዱ ተነፍቶ ለሀጩ ከተዝረበረበ ሳትውሉ ሳታድሩ ሀኪም። ጠብቶም እግሩ ደርቆ መነሳት ካቃተው ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ማነስ ይጠርጠር። ግቷ አንድ በኩል ትኩስና ቀይ ከሆነ የግት በሽታ ነው፣ ግልገሉን ከሌላ እናት አጥቡት።

በየአመቱ ከአንድ በላይ እንዲህ የሚሞትባችሁ ከሆነ ግን ወደኋላ ሂዱ። በግ ወደ 5 ወር ትረግዛለች፣ ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻው 6 ሳምንት ነው፣ ያን ጊዜ የተራበች እናት ደካማ ግልገልና ጥቂት እንገር ነው የምትሰጠው። መንታ ያረገዙትን ለይታችሁ መግቡ። ግን የላም ሚኒራል አትስጡ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ለበግ መርዝ ነው።