ኢንዳክሽን ስቶቭ አወዳድረው ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለሰሜን ሸዋ ወጥ ቤቶች

ወጥ ቤቱን የሚያድስ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን ነው፤ ቀጥሎ ዋቱን፣ ከዚያ ዋጋውን ይጠይቃል። ኢንዳክሽን ስቶቭ (በማግኔት መስክ ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ የመብራት ምድጃ) ግን ለብቻው የሚመዘን ዕቃ አይደለም። የሚወዳደሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስቶቩ፣ ድስቱና የቤቱ የመብራት መስመር። ከሦስቱ አንዱ ከተረሳ ውዱም ርካሹም ስቶቭ እኩል ያናድዳል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ላለ ቤት ደግሞ ከፍታው አራተኛ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

ኢንፍራሬዱን ኢንዳክሽን ነው ብሎ መግዛት

ሁለቱም ጥቁር መስታወት አላቸው፤ ሁለቱም በጣት ሲነኩ ይበራሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የኢንዳክሽን መስታወት ሥር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ሽቦው በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን የሚቀያይር የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ ሙቀቱ የሚወለደው በድስቱ ቂጥ ላይ ነው። መስታወቱ የሚግለው ከድስቱ በተመለሰ ሙቀት ብቻ ነው። ኢንፍራሬድ ግን መስታወት የለበሰ የሽቦ ምድጃ ነው፤ ሲበራ ውስጡ ይቀላል።

መለያው ቀላል ነው። ሱቁ ውስጥ የአሉሚኒየም ድስት ውሃ ጨምረው ይጣዱበት። ካሞቀው ኢንፍራሬድ ነው፤ እየጮኸ ካልተቀበለው ኢንዳክሽን ነው። ኢንፍራሬድ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለጀበናና ለሸክላ ድስት እንዲያውም የሚሆነው እሱ ነው። ስህተቱ የኢንዳክሽን ዋጋ ከፍሎ እሱን ይዞ መግባት ነው።

«ብረት ድስት አለኝ» ብሎ መተማመን

ስሙ ያሳስታል። በተለምዶ ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በእነዚህ ስቶቮች ላይ አይሠራም። መዳብ፣ ሸክላና መስታወትም እንዲሁ። የሚሠሩት ከባዱ ጥቁር የብረት መጥበሻ፣ ውስጡ ብረት የሆነ የእናሜል ድስት፣ እንዲሁም ማግኔት የሚይዘው ዓይነት ስቴይንለስ ናቸው። ስቴይንለስ ሁሉ ማግኔት አይይዝም፤ ስለዚህ ማብረቅረቁ ማስረጃ አይሆንም።

ገበያ ሲሄዱ ትንሽ ማግኔት በኪስ ይያዙ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ቁራጭ ይበቃል። የድስቱን ቂጥ መሀሉንም ዳሩንም ይፈትሹ፤ ማግኔቱ ቸክ ብሎ መያዝ አለበት። ላላ ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ድስቱ አሉሚኒየም ሆኖ ሥሩ ስስ የብረት ቅጠል ብቻ ተለጥፎበት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ድስት ስቶቩ ቢቀበለውም ሙሉ ኃይሉን አያወጣም።

ቀጥሎ ቂጡን ይዩ። ማስመሪያ አጋድመው ያስቀምጡበት፤ መሀሉ ወደ ታች ከጎበጠ ድስቱ መስታወቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ወደ ላይ ከገባ ደግሞ ቂጡ ከሙቀት መለኪያው ይርቃል። ስፋቱም ይታይ። ከ12 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቂጥ ያለውን ዕቃ ብዙ ስቶቮች እንደሌለ ይቆጥሩታል። በተቃራኒው ለድግስ የሚሆን 30 ሳንቲ ሜትር ድስት ተጥዶ ሥሩ ያለው የሽቦ ጥቅል 16 ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መሀሉ ያራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። መስታወቱ ላይ የተሳለው ክብ የጥቅሉን መጠን አያሳይም፤ መመሪያው ላይ ይፈልጉት።

ሸክላ ላይ ለሚያበስሉ ተብሎ የሚሸጠው ክብ የብረት ሰሌዳ ከሥር ሲደረግ ጀበናን ያሞቃል። ነገር ግን ስቶቩን ወደ ተራ ምድጃ ይለውጠዋል፤ ጥድፊያውም ቁጠባውም ይቀራል፣ ሰሌዳው ግሎ መስታወቱንም ያግላል። ማድረግ ግድ ከሆነ ከ800 ዋት በላይ አይክፈቱ፤ ባዶውንም አይተዉት። በእኛ ምክር ለጀበና የድሮው ምድጃ ይቆይ።

ስለዚህ ሁለት ስቶቭ ሲያወዳድሩ የሚቀየሩትን ድስቶች ዋጋ በሁለቱም ላይ ይደምሩ። ለአንድ ቤተሰብ ቂጣቸው ወፍራም የሆነ ሁለት ድስትና አንድ መጥበሻ ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

ትልቁን ዋት ብቻ ማወዳደር

ካርቶኑ ላይ 2000 ወይም 2200 ዋት ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። የእኛን ወጥ የሚፈትነው ግን ትንሹ ዋት ነው። ቁሌት በደረቁ ሲቁላላ፣ ሽሮ ሲንተከተክ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚፈለገው ከ300 እስከ 600 ዋት ሳያቋርጥ የሚመጣ ለስላሳ ሙቀት ነው። ብዙ ርካሽ ስቶቮች ይህን መስጠት አይችሉም። 400 ላይ ሲያደርጓቸው 1000 ዋት ለጥቂት ሰከንድ ይለቁና ያቆማሉ፣ ደግሞ ይለቃሉ። አማካዩ ትክክል ነው፤ ሽንኩርቱ ግን በየልቀቱ ይይዛል።

ሱቅ ውስጥ ለማወቅ በድስት ውሃ አፍልተው ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ያውርዱት። ውሃው ተንተክትኮ ጸጥ፣ ተንተክትኮ ጸጥ ካለ የሚያቆራርጥ ነው። ሳያቋርጥ የሚርገበገብ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይውሰዱት። ለወጥ ቤታችን ይህን ያህል የሚለይ ሌላ ባሕርይ የለም።

የተጻፈው ዋት እውነተኛ መሆኑንም በዚያው ይፈትሹ። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተከድኖ በ2000 ዋት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ መፍላት አለበት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ድስቱ አይመጥንም ወይ ዋቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የቤቱን መስመር ሳያዩ ስቶቭ መግዛት

ከባዱ ስህተት ይህ ነው፤ ቤት የሚያቃጥል ነውና።

ሂሳቡ አጭር ነው። ዋቱን ለ220 ያካፍሉ። 2000 ዋት ከ9 አምፒር ትንሽ ይበልጣል። 3500 ዋት የሚስብ ባለ ሁለት ስቶቭ ወደ 16 አምፒር ይደርሳል። 7200 ዋት ያለው ባለ አራት 33 አምፒር ገደማ ይሆናል። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን 3500 ዋትና ከዚያ በላይ እንደሚስብ አይርሱ። ምጣዱና ባለ አንዱ ስቶቭ አብረው ሲበሩ 25 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባሉ።

ባለ 1.5 ሽቦ (ቁጥሩ የውፍረቱ ልክ ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር) የአምፖል ነው፤ ስቶቭ አይሸከምም። ባለ አንድ ስቶቭ በ2.5 ሽቦና በ16 አምፒር ብሬከር በተሠራ፣ ምጣድ በማይሰካበት ሶኬት ላይ ይሠራል። ለባለ ሁለት ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የመጣ ባለ 4 ሽቦ ቢዘረጋ ይሻላል። ባለ አራቱ ቢያንስ ባለ 6 ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። እሱ በሶኬት አይሰካም፤ በቀጥታ ይታሰራል። ከኋላው ያለው መያያዣም ለሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) እና ለስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) መብራት አቀማመጡ ይለያያል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ሥዕሉን ሳያይ አይንካው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ያን ያህል እንደሚሰጥ ይጠየቅ። የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ የጎረቤትም ምጣድ በሂሳቡ ውስጥ አለ።

ስቶቩ ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም። የሱ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ስቶቭ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ይስባል። ሽቦ በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለበት ቦታ ካለም መጀመሪያ የሚግለው እዚያ ነው። ስቶቩ 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ የግድግዳውን ሶኬት በመዳፍዎ ይንኩት። ለብ ማለቱ ምንም አይደለም፤ ካቃጠለ ወይም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ ያጥፉት። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግርም በትልቅ ብሬከር አይቀይሩት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ በትልቅ ሲተካ ቀጥሎ የሚወርደው የለም፣ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። የመሬት ሽቦ (ኤርዝ) ከሌለ ደግሞ ስቶቭ ከመግዛት እሱን ማስገባት ይቀድማል።

ስለ ቮልቴጅ አለመጠየቅ

ተራ የሽቦ ምድጃ መብራት ሲደክም አብሮ ይደክማል፤ 2000 ዋቱ በ180 ቮልት 1340 ገደማ ይሆናል፣ ግን ያበስላል። ኢንዳክሽን ኤሌክትሮኒክስ ነው። ከወሰኑ በታች ሲሆን የስህተት ኮድ አውጥቶ ያቆማል። ስለዚህ ሁለቱን ሲያወዳድሩ ከየትኛው ቮልት እስከ የትኛው እንደሚሠሩ መመሪያው ላይ ያንብቡ፤ ወሰኑ ሰፊ የሆነው ይመረጣል። የኮዶቹ ትርጉም በየፋብሪካው ስለሚለያይ የኮድ ዝርዝሩ ያለበትን ወረቀት አይጣሉ።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል ዕቃ) ከታሰበ ለ2000 ዋት ቢያንስ 3000 ቮልት-አምፒር የሚለው ይሁን። በፍሪጁ ስታቢላይዘር ላይ ደርቦ መሰካት ስታቢላይዘሩን ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ስቶቩን ይንቀሉ፤ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩት፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው የውስጡን ክፍሎች የሚገድላቸው።

የሙቀት ቁጥሩን ማመን፣ ከፍታውን መርሳት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ላይ ነው። ቆላ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ወደ 95 እና 96 ይጠጋል። የተንተከተከ ሽምብራ ወይም ባቄላ ዋት ቢጨመርለት ቶሎ አይበስልም፤ የሚጨመረው እንፋሎቱ ነው። እንግዲህ 2200 ዋቱ ከ1800ው ይልቅ ክኩን ያፈጥናል ብሎ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው።

ልዩነት የሚያመጣው የግፊት ድስት ነው፤ ውስጡን ወደ 110 ዲግሪ ያደርሰዋል። አሉሚኒየሙ እዚህ ስለማይሠራ ማግኔት የሚይዝ ስቴይንለስ ይግዙ። ፉጨቱ ከጀመረ በኋላ ዋቱን ወደ 500 ገደማ ያውርዱ። በደጋው ለሚኖር ሰው ከሁለተኛ ምድጃ ይልቅ ይህ ድስት ይጠቅመዋል።

የሙቀት መለኪያው ከመስታወቱ ሥር ስለሆነ የሚያነበው የድስቱን ቂጥ ነው፤ ወጡን አይደለም። ወጥና ሾርባ በዋት ይበስሉ፤ የዲግሪው ቁልፍ ለዘይትና ለቅቤ ይቆይ።

ቆጣሪው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ

ከሽቦ ምድጃ ወደ ኢንዳክሽን ሲዛወሩ የሚቆጠበው የማብሰያው ከስምንት እጅ አንዱ ያህል ነው። ከሚበላው ኃይል ወደ ድስቱ የሚገባው በሽቦ ምድጃ 74 በመቶ ገደማ፣ በኢንዳክሽን 84 በመቶ ገደማ ነውና። ምጣዱ ደግሞ እንዳለ ነው፤ ሸክላ ስለሆነ በእነዚህ ስቶቮች አይተካም። እውነተኛው ጥቅም ፍጥነቱ፣ እሳት አለመኖሩና ድስቱ ሲነሳ ሙቀቱ መቆሙ ነው።

ባለ አራቱ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት

ባለ ሁለት ስቶቭ ላይ «3500 ዋት» ሲባል ድምሩ ነው። አንዱን 2000 ሲያደርጉት ለሌላው የሚቀረው 1500 ነው። ባለ አራቱም በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት ምድጃዎች ኃይል ያጋራል። ምጣድ በሚጋገርበት ቤት፣ በሲንግል ፌዝ መስመር፣ አንድ ጥሩ ባለ አንድ ስቶቭ ከአራት ደካማ ምድጃ ይበልጣል ብለን በድፍረት እንመክራለን።

አብሮ የሚገጠመውን ከመረጡ ግራናይቱ ስቶቩ ከመገዛቱ በፊት አይቆረጥ። ለባለ አራቱ ብዙ ጊዜ 56 በ49 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ሚሊ ሜትሮቹ ይለያያሉ፤ የተቆረጠ ድንጋይ ደግሞ አይመለስም። ከሥሩ መሳቢያ ካለ ለማራገቢያው አየር ክፍተት ይተውለት።

ገንፎና ሽሮን ሳያስቡ መምረጥ

የገብስ ገንፎ ማገንፋት ጉልበት ይጠይቃል፤ ድስቱ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ከቦታው ሲወጣም ስቶቩ ይጠፋል። አንስተው መሬት ላይ አገንፍተው ይመልሱት፤ መስታወቱ ላይ መግፋት ይፍቀው ወይም ይሰነጥቀው ይሆናል። የተሰነጠቀ መስታወት ፈሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ወዲያው ይነቀል፣ አይሠራበት። ሽሮ ሲገነፍል ደግሞ በጣት የሚነካው ሰሌዳ ይረጥብና ስቶቩ ይጠፋል ወይም አይታዘዝም። እጃቸው ብዙ ጊዜ እርጥብ ለሆነ ሰዎች የሚዞር ወይም የሚጫን ቁልፍ ያለው ይሻላል። በሽቦ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ።

ቆላ አካባቢ በረሮ ለሙቀቱ ብሎ በማራገቢያው ቀዳዳ ይገባል፤ ስቶቩ ማታ ማታ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ካጠፉ በኋላ ማራገቢያው እስኪቆም አይንቀሉት። ልባቸው ላይ ፔስሜከር ያላቸው ሰዎች ከበራ ስቶቭ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቁ።

የድሮውን ሁሉ ማስወጣት

መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። ጋዙ ወይም የከሰል ምድጃው ይቀመጥ። በብርዱ ግን የከሰል ፍም ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። በደጋው ይህ በየጊዜው መነገር ያለበት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ማራገቢያና የኃይል ክፍሎች የሚቀይር ሰው በአቅራቢያዎ መኖሩን ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአንድ ማራገቢያ መመላለስ አያዋጣም። ደረሰኙንና ካርቶኑን ይዘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያበስልበት ሰዓት፣ በራስዎ ድስት ይፈትኑት። ያን ጊዜ ኮድ አውጥቶ ካቆመ ለመመለስ ገና ጊዜ አለ።