የሊኑክስ ሰርቨር እንደ ራውተር ሲያገለግል የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያለውን የሊኑክስ ሰርቨር በሞደሙና በቢሮው ስዊች መካከል አስገብቶ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት እንዲያዳርስ ማድረግ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ጊዜ የሚበላው ፓኬቱ (በኔትወርኩ የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል) የት ላይ እንደቀረ ሳይለዩ የፋየርዎሉን (ፓኬቶችን የሚያሳልፈውንና የሚያግደውን ማጣሪያ) ሕግ መነካካት ነው። ስለዚህ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በቅድሚያ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (በኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ)፣ በመጨረሻም የአንድ ድረ ገጽ ስም ፒንግ ማድረግ (መልስ መስጠቱን መሞከር) ያስፈልጋል።

የውስጡ አድራሻ ራሱ የማይመልስ ወይም አንዴ እየመለሰ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ፣ ገመዱ ከታየ በኋላ የሚጠረጠረው የአድራሻ መደራረብ ነው። ሞደሙ 192.168.1.0/24 የተባለውን የአድራሻ ክልል እየተጠቀመ የውስጡም ካርድ ከዚያው ክልል አድራሻ ከተሰጠው፣ ሰርቨሩ ፓኬቱን በየትኛው ካርድ እንደሚልክ መለየት አይችልም፤ የውስጡን ወደ 192.168.10.0/24 መቀየር ይበቃል። የውስጡ ካርድ ሲነሣ ሰርቨሩ ራሱ ኢንተርኔት የሚያጣ ከሆነ ደግሞ በዚያ ካርድ ላይ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግር መውጫ አድራሻ) ተጽፎ ይሆናልና ይሰረዝ።

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ሰርቨሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ሲል ነው። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩ ጌትዌይ የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ ፒንጉ ሳይቋረጥ፣ በሰርቨሩ የውጪ ካርድ ላይ ቲሲፒደምፕን (በካርዱ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቶ መመልከት ነው። ምንም ፓኬት ካልታየ የአይፒ ፎርዋርዲንግ (ፓኬትን ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው የማሳለፍ ሥራ) ዋጋ 0፣ ማለትም ዝግ ነው፣ አለዚያም የፋየርዎሉ የፎርዋርድ ሰንሰለት (ለሚያልፉ ፓኬቶች የተጻፉ ሕጎች ዝርዝር) እየጣለው ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ኮንቴይነር የሚያስኬድ መሣሪያ) በተጫነበት ሰርቨር ላይ ይህ ሁለተኛው የተለመደ ነው፤ ዶከር ፎርዋርዲንጉን ራሱ ሲከፍት የሰንሰለቱን መመሪያ ወደ መጣል ይቀይረዋል። ፓኬቱ ታይቶ የላኪው አድራሻ ግን አሁንም የኮምፒውተሩ (ለምሳሌ 192.168.10.25) ከሆነ የጎደለው ናት (የውስጥ አድራሻን በሰርቨሩ የውጪ አድራሻ መተካት) ነው፤ ሞደሙ ወደዚያ አድራሻ የሚመልስበትን መንገድ ስለማያውቅ፣ በውጪው ካርድ ለሚወጣው ሁሉ ማስከሬድ የተባለው፣ ይህንን መተካት የሚያደርግ ሕግ መጨመር አለበት።

ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ችግሩ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ነው። ዲኤችሲፒው (ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) የሰርቨሩን አድራሻ እንደ ዲኤንኤስ እየሰጠ፣ በኡቡንቱ ላይ ተጭኖ የሚመጣው አገልግሎት ግን የሚያዳምጠው ከሰርቨሩ ውጪ በማይደረስበት በ127.0.0.53 ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤስማስክን (ቀላል የዲኤንኤስ ፕሮግራም) ጭኖ በውስጡ ካርድ ላይ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ የዲኤንኤስን ፖርት 53ንም ለውስጥ ብቻ መክፈት ተገቢ ነው።

አስቸጋሪው ችግር ፒንግ ሁሉ እየሠራ አንዳንድ ድረ ገጾች ብቻ ተንጠልጥለው የሚቀሩበት ነው። ሰርቨሩ በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የሚገናኙበት ዘዴ) የሚገናኝ ከሆነ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ከ1500 ወደ 1492 ባይት ይወርዳል፤ ትላልቆቹ ፓኬቶች በመንገድ ይጣላሉ፣ ይህንን የሚያሳውቀው የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ) መልእክት በአንድ ፋየርዎል ከታገደም ላኪው አይሰማም። ሰርቨሩ የሚያሳልፋቸውን ግንኙነቶች ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫን የመረጃ ከፍተኛ መጠን) ወደ 1452 ዝቅ የሚያደርግ ሕግ መጻፍ ይፈታዋል።

ሁሉም ተስተካክሎ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ችግሩ ከተመለሰ፣ ለውጡ የተደረገው በሚሠራው ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። የፎርዋርዲንጉ ዋጋ 1 በሲስሲቲኤል (የሊኑክስ ከርነል ቅንብሮች) ፋይል ውስጥ፣ የፋየርዎሉም ሕጎች በኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ፋይል ውስጥ ይጻፉ፤ የኤንኤፍቴብልስ አገልግሎትም ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ይደረግ።