«እወድሻለሁ»ን ከገጽ 3 ያነሳሁት እንዲህ ነው

የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ያስጀመረኝ ዝናብ ነው። መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አንድ ልጅ ጃንጥላውን ለማያውቃት ሴት ሰጥቶ ራሱ ሲበሰብስ አየሁ። ማታውኑ ጀመርኩ።

ችግሩ፣ ገጽ 3 ላይ ልጁ «እወድሻለሁ» አላት። አለቀ! ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ከማጠጣት ሌላ የማደርጋቸው ጠፋኝ። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስቴ ተውኩት።

መላው የመጣልኝ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ሳነብ ነው። በዛብህ አስተማሪ፣ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ። አንባቢን ይዞ የሚጎትተው በመሃላቸው ያለው ግድግዳ ነው። የኔዎቹ መሃል ምን ነበር? ምንም።

ስለዚህ ልጅቷን የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አደረግኳት። «እርስዎ» ይላታል። «እወድሻለሁ»ን ሰረዝኩ፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም ነበር። ምዕራፍ 9 ላይ ሊፍት ውስጥ እያሉ መብራት ጠፋ። ልጁ ሳያስበው «አይዞሽ» አላት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ በጨለማው ውስጥ፣ «አይዞሽ ነው ያልከኝ?»

ይቺን ስጽፍ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። አማርኛችን ለካ «አንቺ» እና «እርስዎ» መሃል ሙሉ ልብ ወለድ ደብቆ ኖሯል።

አሁን ገጽ 140 ደርሻለሁ። ጃንጥላው ግን እስካሁን የሚገባበት ቦታ አላገኘሁለትም።