ቀለሙ በቴፑ ስር እየሰረገ ሲያስቸግር

ነጭ በተቀባ ሸራ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ አራት ማዕዘኖች እየሳልኩ ነበር። ቀለም እንዳያልፍ የለጠፍኩትን ማስኪንግ ቴፕ (በቀላሉ የሚላጥ የወረቀት ፕላስተር) ባነሳሁ ቁጥር ቀዩ ወደ ነጩ ሰርጎ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሦስት ቀን በዚህ አለቀ።

ቴፑን በማንኪያ ጀርባ ተጫንኩት፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም። አክሪሊኩን (በውሃ የሚቀጥነውን ቀለሜን) አወፈርኩት፤ ጭራሽ ጠርዙ ላይ ጉብታ ሠራ።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ ቴፑን ከለጠፍኩ በኋላ መጀመሪያ ጠርዙን በዚያው በነጩ ስስ አድርጌ ቀባሁት። የሸራውን ሽመና ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ቢሰርግ ማን ያየዋል? ሲደርቅ ቀዩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርጌ ደረብኩ። ሁለተኛው ሳይደርቅ ቴፑን ወደ ኋላ አጥፌ ቀስ ብዬ ላጥኩት። መስመሩ በምላጭ የተቆረጠ መሰለ።

ቴፑ ቢጫ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ የሚቀባው ማሸጊያም ቢጫ ነው። ከስር ያለው ቢጫ ግን ቴፑ ከመለጠፉ በፊት በደንብ ይድረቅ። እኔ ቸኩዬ ቴፑ ይዞት ተነሳ።