«ጉንፋን ብቻ ነው» እና ሌሎች ደካሞችን የሚጎዱ ስህተቶች

አረጋውያንን በምንከባከብበት ክፍል ውስጥ እንደ «ጉንፋን ብቻ ነው» የሚያስቆጣኝ ቃል የለም። ጠያቂው አፍንጫውን እየጠረገ ይገባል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ጎንበስ ብሎ ጉንጭ ይስማል። ለእርሱ እውነትም ጉንፋን ብቻ ነው። ጎልማሳውን አፍንጫ ከማፍሰስ የማያልፍበት ያው ቫይረስ ግን የ80 ዓመት አዛውንትን ለሳንባ ምች ይዳርጋል፤ የ2 ወር ሕፃንን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድን ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ያውላል። እባካችሁ፣ የሕመሙን ክብደት በራሳችሁ ጤና አትለኩት። ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ቅሩ። መቅረታችሁ ፍቅር ማጣት አይደለም።

ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ነርስ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ጉሮሮዬን እያመመኝ «እኔ ብቀር ማን ያጥባቸዋል?» ብዬ ሥራ ገባሁ። ማታውን አተኮሰኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ካጠብኳቸው እናቶች ሁለቱ ማሳል ጀመሩ፤ አንደኛዋ ሆስፒታል ገቡ። ሲመለሱ ያለ ደጋፊ መራመድ አልቻሉም። ከእኔ ይያዛቸው ከሌላ፣ ማወቅ አይቻልም። ያን ቀን ቤቴ መዋል እንደነበረብኝ ግን አውቃለሁ።

ቶሎ «ተሽሎኛል» ማለትም ያው ጥፋት ነው። ብዙዎቻችን ጉንፋን ብለን የምናልፈው ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ 1 ቀን ቀደም ብሎ፣ ከታመመም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል።

ትኩሳት እስኪመጣ መጠበቅ ሌላው ነው። በአረጋውያን ላይ ትኩሳት ላይታይ ይችላል። አንድ አባት አንድ ቀን ጠዋት በሞተች እህታቸው ስም ጠሩኝ፤ ቁርሳቸውንም ሳይነኩት መለሱ። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። የሥራ ባልደረባዬ «እርጅና ነው» አለች። የደማቸውን ኦክስጅን ስንለካ በጣም ወርዶ ነበር። ድንገተኛ መዘባረቅ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ያልተለመደ መውደቅ፣ እነዚህ ሁሉ የሳንባ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ «እስቲ ነገን እንይ» ማለት ብዙ ያስከፍላል።

ማስክን በተመለከተ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። ጠያቂው ማስኩን በደንብ አድርጎ ይገባል። አዛውንቱ ጆሯቸው ከብዷል። አልሰማ ሲሉት ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ ያደርግና ጆሯቸው ሥር ይጮኻል! ከአፍ ብዙ ፍንጣሪ የሚወጣው ደግሞ ጮክ ብለን ስንናገር ነው። በዝግታ ተናገሩ፤ ካልሆነም በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ አሳዩ።

«ብርድ ይመታቸዋል» ብሎ መስኮቱን ሁሉ መዝጋት በቅን ልብ የሚሠራ ስህተት ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የታማሚው ትንፋሽ ይከማቻል፤ የኩፍኝ ቫይረስማ ሰውየው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ብርድ ልብስ ደርቡላቸውና አየሩ አቋርጦ እንዲያልፍ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን ክፈቱ።

እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ፤ ውኃ ከሌለ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር።

ከባለፈው ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ አትስጧቸው።

ክትባትን ለአዛውንቱ ብቻ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይወሰዳል፤ መከላከያው እስኪጎለብትም 2 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፤ ጋሻው በእርግዝናዋ ጊዜ የተከተበች እናቱና በዙሪያው ያሉ የተከተቡ ሰዎች ናቸው። አስታማሚዎች፣ እናንተም ተከተቡ።

በመጨረሻ፣ ፈርተው ታማሚውን ጨርሰው የሚሸሹ አሉ። ብቻቸውን የተተዉ አዛውንት ውኃ መጠጣት ይረሳሉ፤ መነሳት ያቆማሉ። ጤነኛ የሆነና የተከተበ አንድ ሰው መድቡ፤ ማስኩን አድርጎ እርሱ ይግባ፣ እርሱ ያብላ። የቀራችሁት በየቀኑ ደውሉላቸው።