ኪንዝማራውሊን ስትገዙና ስትጠጡ

በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ያገሬ ልጆች ሲመጡ ድራይ (ጣፋጭነት የሌለው) ቀይ ወይን ከቀዳሁላቸው ፊታቸው ይጨፈገጋል፤ ኪንዝማራውሊ የሚባለውን ከፊል ጣፋጭ የጆርጂያ ቀይ ወይን ከቀዳሁላቸው ግን «ድገሚኝ» ይላሉ። ጠጅ የለመደ አፍ ለዚህ ወይን እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ አገዛዙም አቀማመጡም ከዚያ ይመጣል። ወይኑ የሚበቅለው በምሥራቅ ጆርጂያ፣ በካኼቲ፣ ክቫሬሊ በምትባል ከተማ ዙሪያ ነው። ከላይ የካውካሰስ ተራራ፣ ከታች የአላዛኒ ሜዳ አለ። የዱሩጂ ወንዝ ከተራራው ጥቁር ስባሪ ድንጋይ እያግበሰበሰ ያወርዳል። ፍሬው ሳፔራቪ ይባላል፤ ማቅለሚያ እንደ ማለት ነው። አንድ ዓመት ለቀማ ላይ ፍሬዋን በጣቴ ፈረጥ አደረግኳት። የብዙ ቀይ ወይን ፍሬ ልጣጩ እንጂ ውስጡ ቀይ አይደለም፤ የሷ ግን ሥጋዋም ቀይ ነው። ጣቶቼ ቀይ ሥር ስልጥ የዋልኩ መስለው አደሩ።

ጣፋጭነቱ የተጨመረ ስኳር አይደለም፣ የፍሬው የራሱ ነው። ጭማቂው ሲፈላ እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩ ሳያልቅ ግን ወይኑን በጣም ያቀዘቅዙትና እርሾው ሥራ ሲያቆም ያጣሩታል። ብርዙ ጠጅ ሆኖ ሳይጨርስ መሀል መንገድ ላይ እንደ መያዝ ነው። ለዚህ ነው አልኮሉ ከ11 በመቶ ብዙ የማይርቀው።

ስትገዙ «ሳፔራቪ» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ሙኩዛኒ የሚባለው ወይንም ከዚሁ ፍሬ ነው የሚሠራው፣ ግን ድራይ ነው። ኪንዝማራውሊ የሚለውን ስም፣ ከሥሩም ከፊል ጣፋጭ መሆኑን ፈልጉ፤ በጆርጂያኛ «ናኸቭራድ ትክቢሊ» ይሉታል። «የአላዛኒ ሸለቆ» የሚባለው ወይን ረከስ ይላል፣ ለስላሳም ነው፤ ግን ፍሬው የክቫሬሊ ብቻ አይደለም። ዓመቱንም እዩ። ይህ ወይን ሲቆይ አያምርበትም፤ እኔ ሦስት ዓመት ካለፈው አልገዛም።

አንዴ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የቤት ጣፋጭ ወይን ገዛሁና ምድጃዬ አጠገብ ተውኩት። ያልተጣራ ነበር። በሳምንቱ ጠርሙሱ እንደ ፊኛ ተነፍቷል፤ ክዳኑን ስነካው ወይኑ ጣሪያ ደረሰ። ሙቀቱ እርሾውን ቀስቅሶት የቀረውን ስኳር መብላት ጀምሯል ማለት ነው። የፋብሪካው የተጣራ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም፤ ቢሆንም ከሙቀትና ከፀሐይ አርቁት።

ሲቀርብ 12 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። አንድ ሰዓት ተኩል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፣ ከመቅዳታችሁ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡት። ሞቅ ካለ ስኳሩ አፍ ላይ ይከብዳል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ የቼሪና የእንጆሪ ሽታው ይጠፋል። እዚህ ሰዎች ከአይብ፣ ከለውዝና ከቹርችኼላ ጋር ይወዱታል። ቹርችኼላ ዎልነት የሚባለው የለውዝ ዓይነት በክር ተሰክቶ፣ በዱቄት በወፈረ የወይን ጭማቂ ውስጥ እየተነከረ የሚደርቅ ነው።

እኔ ግን ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር አቀርበዋለሁ። ድራይ ቀይ ወይን ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ምላስ ይለበልባል፤ ይሄ በጣፋጩና በቅዝቃዜው ያበርደዋል። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙትና በሦስት ቀን ጨርሱት።