ስኒው ስኒ ይሁን፦ ስለ ወዳጅነት፣ ሐዘንና ደስታ የተጻፉ ግጥሞችን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን አዳዲስ ግጥሞችን የምናነብና የምንወያይ ጥቂት ሰዎች ነን። ውይይቱን የመምራት ዕጣ ለእኔ ከደረሰኝ ዓመታት በመቆጠራቸው፣ አንድ ዓይነት ስህተት ከአዳዲስ አፎች ሲወጣ መስማት ለምጃለሁ፤ ትዕግሥቴ ግን ከልምዱ ጋር አላደገም።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ በእያንዳንዱ ግጥም ውስጥ ወርቅ መቆፈር ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔያችን ኩራት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ችግሩ ትምህርት ቤት ያስጨበጠንን አንድ ቁልፍ ይዘን ክፍት የሆነውን በር ሁሉ ልንከፍትበት መታገላችን ነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት ወጣት ስለሞተች ጓደኛዋ የጻፈችውን አነበበችልን፤ ከመካከሉ እንዲህ የሚል ነበረበት፦

ሁለት ስኒ አጥቤ፣ ሁለቱን ደርድሬ፣
ያንቺው ቀዘቀዘ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ገጣሚዋ ገና ወረቀቱን ሳታጥፍ አንድ ጎልማሳ ተነሥተው፣ የቀዘቀዘው ስኒ የተዳከመው ኢኮኖሚያችን፣ ሁለቱ ስኒዎችም ሁለት የፖለቲካ ጎራዎች መሆናቸውን አብራሩ። ሌላው ቀጠለና ረከቦቱ ሀገር ነው አለ፤ ረከቦት በግጥሙ ውስጥ ጭራሽ አልተጠቀሰም። ልጅቱ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ቁፋሮ መካከል ግን ከላይ፣ ዓይን ፊት የተቀመጠውን ነገር ያየ አልነበረም። «አጥቤ» እና «ደርድሬ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ባለቤታቸው «እኔ» ነው፤ ሰሚም «ቀዳሁ» ወይም «ጠጣሁ» የሚል ማሠሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። ማሠሪያው ሲመጣ ግን «ቀዘቀዘ» ሆኖ ያርፋል፤ ባለቤቱም ስኒው ነው። ተናጋሪዋ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከመካከሉ ጠፍታለች። በሰዋስው ፈተና ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያሰምርበት ይህ ስብራት፣ እዚህ ሐዘን የሰውን እጅ ከሥራ መካከል እንዴት እንደሚያስቆመው ያሳያል። ደግሞም አንድ ስኒ ቡና ለመቀዝቀዝ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ይህኛው ግን «ይኸው እስከ ዛሬ» ከነቡናው ተቀምጧል። ይህ ሁሉ የሚታየው ስኒው ስኒ ሆኖ ሲቀር ነው። እኔም ብሆን በወጣት መምህርነቴ «የግጥሙን ወርቅ አውጡ» እያልኩ ተማሪዎቼን ለዓመታት አስጨንቄያለሁ፤ በቅዳሜው ስብሰባችን ከሚቆፍሩት አንዳንዶቹ እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሁለተኛው ስህተት ግጥምን ድምፅ ሳያሰሙ፣ በዓይን ብቻ አንብቦ መፍረድ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ ወረቀት ላይ አንድ የሆነው ቃል አፍ ላይ ሁለት ይሆናል። አንድ ተሳታፊያችን ስለ ሟች አባት የተጻፈ ግጥም ተቀብሎ ሲያነብልን፣ «አባቴ አለ» በሚለው የመጨረሻ ስንኝ ላይ ቃሉን አላልቶ ተናገረው። ሁላችንም አባትየው የተናገሩትን ለመስማት ጸጥ አልን። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ አንድ ሰው «ቀጥሎስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ገጣሚው ብድግ ብሎ ያንኑ ቃል አጥብቆ ሲደግመው ነው አባትየው ለልጃቸው ዛሬም በሕይወት መኖራቸው የገባን። ስለዚህ ለሰው ከማንበባችሁ በፊት ለብቻችሁ ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቤት ያልመታ ግጥም አይደለም የሚለውን ክርክር፣ ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ስንሰማው ስለኖርን እዚህ አልደግመውም። ቤት የሚመታውን ሁሉ ያረጀ ነው ብለው የሚንቁትም አልተሻሉም፤ ከላይ የጠቀስኩት የስኒ ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ የተሰፋ፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው። ገጣሚውን ደበበ ሰይፉን ለሐዋሳ ቅርብ በሆነችው ይርጋለም ስለተወለደ ብቻ ማድነቅም ጉርብትና እንጂ ንባብ አይባልም።

ስለ ወዳጅነት የተጻፉትን ስናነብ ደግሞ ስያሜዎቹን እንደ ተመሳሳይ ቃላት እናልፋቸዋለን። «ወዳጅ» መውደድን በሥሩ ይዟል። «ባልንጀራ» ሲባል ብዙ ሰው እንጀራ አብሮ መቁረስን ይሰማበታል። «አብሮ አደግ» የመረጡት ሳይሆን ሰፈር የሰጠው ነው። «ጓድ» በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የደርግን ዘመን ስብሰባ ይዞ ይመጣል፤ ለሃያ ዓመት ወጣት ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ገጣሚው ከእነዚህ አንዱን ሲያነሣ ሌሎቹን መተዉ ነውና፣ ለምን እንደተዋቸው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በግጥም ውስጥ የሚናገረውን «እኔ» ገጣሚው ራሱ ነው ብሎ መያዝም የተለመደ ነው። እናቷን ስለቀበረች ሴት የሚተርክ ግጥም ላቀረበች ልጅ ግማሾቻችን ተራ በተራ «እግዜር ያጽናሽ» አልናት። እናቷ ከሁለት ወንበር ማዶ ተቀምጠው ነበር።

የመጨረሻው የእኔም ስህተት ነው፦ ሐዘን ጥልቅ፣ ደስታ ግን ቀላል ነው ብሎ ማመን። ሙሾ አውራጅ ሰምተን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይሆናል፣ ትካዜ ሲነበብ አንገታችንን ደፍተን እናዳምጣለን፤ ደስታ ሲነበብ አጨብጭበን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲበለት ከሚያደፍጡት ግዙፍ አሞራዎች ጋር ስለሚፎካከር ታናሽ ወንድሙ ያቀረበውን ግጥም «ደስ ይላል፣ ቀጣይ» ብዬ አሳለፍኩት። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ሳነበው ግን የትንሹ ልጅ ሳቅ በሦስተኛው ስንኝ እንደሚሰማ፣ ያሳቀው ነገር ግን እስከ ሰባተኛው ድረስ እንደማይነገር አየሁ፤ በመካከሉ ያሉት ሦስት ስንኞች በምን እንደምንስቅ ሳናውቅ ያስቁናል። ይህን ዓይነት ልክ መጠበቅ ከማስለቀስ ይከብዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንዲያነብልን ስጠይቀው «ባለፈው ቀጣይ ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለኝና አነበበው። አምስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከሁላችንም ቀድመው ሳቃቸውን የለቀቁት፣ ስለ ኢኮኖሚው ያብራሩልን ጎልማሳ ነበሩ።